ከተማው ሁሉ አንድ መጽሐፍ ያንብብ ከተባለ፣ የትኛውን?

የሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት አንድ በጋ «ሁላችንም አንድ መጽሐፍ እናንብብ» ብሎ ተነሳ። «ዘ ግሬት ጋትስቢ» ተመረጠ። ኮፒው በብዛት ተገዛ፣ ለጠየቀ ሁሉ ተሰጠ። በየኮፒው ውስጥ የውይይቱ ቀን የተጻፈባት ሰማያዊ ዕልባት ነበረች። ወሩ ሲያልቅ የተመለሱትን ለመደርደር በበጎ ፈቃድ ገባሁ። ዕልባቶቹ እዚያው ናቸው። አንዷ ገጽ 31 ላይ፣ አንዷ 38 ላይ፣ አንዷ 40 ላይ። አንድ ኮፒ ብቻ የቡና ጠብታ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ይዞ መጣ። ያንን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። ውይይቱ ላይ 11 ሰው ተገኘ። ሦስቱ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ነበሩ።

ሰው አያነብም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ የምወቅሰው ምርጫውን ነው። ከዚያ ወዲህ መራጭ ኮሚቴው ውስጥ አለሁበት። ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ «የማኅበረሰባችሁን ድምፅ አሰሙን» ተብለው እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጡ አበሾች ነው። የራሱ የንባብ ክበብ ላለውም ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ1998 ሲያትል ላይ ነው። ናንሲ ፐርል የተባለች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና ባልደረቦቿ «መላው ሲያትል አንድ መጽሐፍ ቢያነብስ?» አሉ። የመረጡት የራስል ባንክስን ልቦለድ ነበር። የትምህርት ቤት አውቶቡስ አደጋ ልጆቿን ስለነጠቃት ትንሽ ከተማ ይተርካል። ያኔ ገና አዲስ መጽሐፍ ነበር እንጂ ክላሲክ የሚባል አልነበረም። ቺካጎ በ2001 «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ»ን ለከተማው ሰው ስትሰጥ ግን ክላሲኩ ፋሽን ሆነ። በ2002 ካሊፎርኒያ ግዛቱን በሙሉ «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ»ን እናንብብ አለች። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ላይ መራጮቹ በሁለት መጽሐፍ ተከፍለው ሲነታረኩ ጭቅጭቁ ከንባቡ በላይ ወሬ ሆነ። ኮሚቴ ውስጥ ስትገቡ ይቺን አትርሱ።

ከዚያ መንግሥትም ገባበት። ብሔራዊው የሥነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም በ2004 ባወጣው ጥናት ልቦለድ፣ ግጥም ወይም ተውኔት የሚያነቡ አሜሪካውያን አዋቂዎች ከግማሽ በታች መውረዳቸውን አስታወቀ። ደንግጦ በ2006 «ዘ ቢግ ሪድ» የሚባለውን ፕሮግራም በ10 አካባቢዎች ሞከረ። ከመጀመሪያዎቹ መጽሐፎች ውስጥ አራቱ እስካሁን በየኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ የሚመላለሱት ናቸው፤ «ጋትስቢ»፣ «ሞኪንግበርድ»፣ «ፋረንሃይት 451» እና የዞራ ኒል ሐርስተን «ዜር አይስ ወር ዋቺንግ ጎድ»። እኔ ሁለት እጨምራለሁ፤ የስታይንቤክን «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» እና የዊላ ካተርን «ማይ አንቶኒያ»።

«የትኛው ይበልጣል?» የሚለውን ጥያቄ ለፕሮፌሰሮች ተዉት። ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ሁሉ ጥሩ መጽሐፍ ነው። እኔ ስመርጥ አንዲት ሴት በዓይነ ሕሊናዬ ትመጣለች። ቀን ሆስፒታል ታጸዳለች፣ ማታ የሰው ልጅ ትጠብቃለች። አውቶቡስ ላይ 25 ደቂቃ አላት። እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። ይህችን ሴት መጽሐፉ እስከ መጨረሻው ይወስዳታል? ዓይኗ ሲደክም በጆሮዋ ልትሰማው ትችላለች? ስትጨርሰው ከጎረቤቷ ጋር የምትጣላበት ነገር ይሰጣታል? ሁሉም ተስማምቶበት የሚወጣበት መጽሐፍ ውይይቱን በ20 ደቂቃ ይገድለዋል። ኮፒ ስንት ያወጣል የሚለው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

«ጋትስቢ»ን ቶሎ ልጨርሰው። ወረቀት ላይ ሲታይ ምርጥ ዕጩ ነው። የ1925 መጽሐፍ ነው፣ አጭር ነው፣ ዘጠኝ ምዕራፍ ብቻ። ከጥር 2021 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብቱ አብቅቷል። ስለዚህ ማንም ሊያሳትመው፣ በስልክ በነጻ ሊያወርደው ይችላል። በብዙ ሰው መነበብም ያውቅበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 155,000 ያህል ኮፒ ኪስ ውስጥ በሚገባ መጠን ታትሞ ለወታደሮች ታድሏል። መጀመሪያ ሲወጣ ገበያ ያጣ መጽሐፍ መታወቅ የጀመረው በዚያም ጭምር ነው። ታዲያ የእኛ ሰዎች ለምን ገጽ 40 ላይ ቆሙ? ቆጥሬ ደረስኩበት። ጋትስቢ ራሱ በወጉ የሚታየው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። አንባቢዎቻችን ጋባዡ ሳይመጣ ግብዣውን ጥለው ወጥተዋል። ያለ አስተማሪ ለብዙ ሰው የሚሆን አይመስለኝም። ለኮሌጅ ተማሪዎች ከሆነ እሺ።

አሁን ወደ ዋናው ፉክክር። በእኔ ልምድ የመጨረሻው ዙር ሁልጊዜ የ«ሞኪንግበርድ» እና የ«ፋረንሃይት» ነው።

«ሞኪንግበርድ» (ሐርፐር ሊ፣ 1960) ያልቃል። በዚህ ማንም አይበልጠውም። 31 ምዕራፍ ቢሆንም አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ አውቶቡስ ላይ አንድ ምዕራፍ ይነበባል። ተራኪዋ ስካውት ስንጀምር ስድስት ዓመት ሊሆናት ነው። ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ማስቲካ ታገኛለች፣ አሮጌ ሳንቲም ታገኛለች፣ ከሳሙና የተቀረጹ አሻንጉሊቶች ታገኛለች። ማን እንዳስቀመጠው ለማወቅ ብቻ ሰው ገጽ ይገልጣል። ፍርድ ቤቱ የሚመጣው አንባቢው ቤተኛ ከሆነ በኋላ ነው። ፊልሙም አለ፣ የ1962፣ ግሪጎሪ ፔክ ኦስካር የወሰደበት። ልጆች ትምህርት ቤት ያነቡታል፤ ስለዚህ አባት ከልጁ ጋር እኩል የሚያነበው መጽሐፍ ይሆናል። የእኛ ቤቶች ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን ያስረዳል፣ አባት ደግሞ ውሸት የመሰከረ ጎረቤት ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳል።

ሕመሙም እዚሁ ነው። ሁሉም አውቀዋለሁ ይላል። በ2018 ቴሌቪዥን ባዘጋጀው አገር አቀፍ ድምፅ አንደኛ የወጣው ይኸው መጽሐፍ ነው። የታወቀ መጽሐፍ ስትመርጡ ግማሹ ሰው «አንብቤዋለሁ» ብሎ ይቀራል፤ በ14 ዓመቱ ያነበበውን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ ጥቁሮቹ የቀረቡበት መንገድ ነው። ቶም ሮቢንሰን ግራ እጁ ጥጥ መዳመጫ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሽባ የሆነ ሰው ነው፣ ያላደረገውን ተከሶ ይፈረድበታል፣ በኋላም ይገደላል። ታሪኩ ግን የጠበቃው ነው፤ ጠበቃው የስካውት አባት ነው። ኮሚቴያችን ውስጥ አንዲት ትልቅ ጥቁር አሜሪካዊት እናት አሉ። ድምፅ ልንሰጥ ስንል ብዕራቸውን አስቀመጡና «የጠበቃው ደግነት ሰልችቶኛል። የቶም ሚስት ያን ማታ ለልጆቿ ምን አበሰለች? ያንን ማንም አልነገረኝም» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ አፌ ተያዘ። ይሄን መጽሐፍ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ሚስቱ ትዝ ብላኝ አታውቅም።

ያ ጥያቄ መጽሐፉን አይጥለውም። እንዲያውም ውይይቱ ከእሱ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ግን የሚመራው ሰው መዘጋጀት አለበት። ሌላም አለ። ያ ጥቁሮችን የሚሰድብ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ይመላለሳል። ጮክ ተብሎ ይነበብ ወይስ ይዘለል? ይህን አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ አንድ ልጅ መድረክ ላይ ያነበዋል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አይወራም። በ2017 ቢሎክሲ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ መጽሐፉ ከ8ኛ ክፍል ትምህርት የተነሳው ቋንቋው ሰዎችን ምቾት ነስቷል ተብሎ ነው።

«ፋረንሃይት 451» (ሬይ ብራድበሪ፣ 1953) ሌላ ዓይነት ነው። ሞንታግ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው እሳት ማጥፋት ሳይሆን መጽሐፍ ማቃጠል ነው። ሚስቱ ሚልድሬድ ጆሮዋ ውስጥ ትንንሽ ሬድዮ ወትፋ ነው የምትተኛው። ሦስቱ የሳሎን ግድግዳዎች ቴሌቪዥን ናቸው፣ አራተኛው ይገዛልኝ ትላለች። ባልና ሚስቱ የት እንደተዋወቁ ማስታወስ አቅቷቸዋል። ይሄ ሲጻፍ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካ ወጣት ባቡር ውስጥ አልነበረም! ጸሐፊው ያንን የጻፈው በሎስ አንጀለስ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ፣ በግማሽ ሰዓት 10 ሳንቲም በሚከራይ የጽሕፈት መኪና ነው። ለመጀመሪያው ረቂቅ 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም አወጣ። ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚደረግ ፕሮግራም ሲከፈት ከዚህ የተሻለ ወሬ አላውቅም።

መጽሐፉ ሦስት ክፍል ነው። ለሦስት ሳምንት ተቆርጦ የተዘጋጀ ይመስላል። የሚያጣላው ደግሞ ካፒቴን ቢቲ ነው። የሞንታግ አለቃ ነው፣ መጽሐፍ የሚያቃጥል፣ ግን ከሁሉም በላይ ያነበበ። ለሞንታግ የሚነግረው በአጭሩ ይሄ ነው፤ መንግሥት አይደለም መጀመሪያ መጽሐፍን የከለከለው፣ ሰዉ ራሱ ሰለቸው፣ አሳጥሩልን አለ፣ ቅር ያሰኘኛል አለ፣ ከዚያ ማቃጠሉ ቀላል ሆነ። ይህን ጥያቄ ወጣት ያለበት ክፍል ውስጥ ጣሉትና ወንበራችሁን ወደ ኋላ ሳቡ። ቲክቶክ ይነሳል፣ ትምህርት ቤቶች የሚያነሷቸው መጽሐፎች ይነሳሉ፣ እናትና ልጅ ይጣላሉ። ከ1967 ጀምሮ አሳታሚው ለተማሪዎች ባወጣው እትም ደራሲውን ሳያማክር ብዙ ቦታ ላይ ቃላት ቆራርጦ እንደነበር ደግሞ ለማሳረጊያ ንገሯቸው። ስለ መጽሐፍ ማቃጠል የተጻፈ መጽሐፍ ነው ይህ የደረሰበት።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። መጨረሻው ላይ ከከተማው ሸሽተው ጫካ ዳር የሚኖሩ ሰዎች አሉ። እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘዋል። ፈረንጆቹ ይህን እንደ ሩቅ ምናብ ነው የሚያነቡት። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ለራሳችን ሰዎች ባደረግነው ውይይት ላይ ግን አንድ አባት ታክሲያቸውን በር ላይ አቁመው ገብተው ነበር። መጽሐፉን አላነበቡትም። ልጃቸው ነው የነገረቻቸው። «ይሄ ምን ይገርማል?» አሉ። «እኔ ዳዊትን በቃሌ ነው የያዝኩት። መብራት በሌለበት፣ መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ሃያ።» ከዚያም ከመዝሙሩ አንዱን በግዕዝ ወረዱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጉልበታቸው ምት እየመቱ። ልጃቸው አፏን ከፍታ ቀረች። አባቷ ይህን እንደሚችሉ አታውቅም ነበር።

ጉድለቱ? አጀማመሩ በምሳሌ የታጨቀ ነው። ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው የመጀመሪያዎቹ 15 ገጾች ዳገት ናቸው። ስለዚህ እነሱን አንድ ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የቅጂ መብቱም ስላላለቀ እያንዳንዱ ኮፒ ይገዛል።

የሐርስተን መጽሐፍ (1937) ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፤ ግን በዓይን እንዲነበብ አልመክርም። ጄኒ የምትባል ሴት በፍሎሪዳ ሦስት ትዳር ታያለች፣ ጎርፍና አውሎ ነፋስ ታያለች። ንግግሩ ሁሉ በደቡብ ጥቁሮች አነጋገር የተጻፈ ነው፤ ፊደሉ ተቆራርጦ፣ እንደሚነገረው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ሩቢ ዲ ያነበበችውን የድምፅ ቅጂ ስትሰሙ ግን ያ ሁሉ ዳገት ሜዳ ይሆናል። ጄኒ ታሪኳን የምትነግረው ወደ ቤቷ ስትመለስ በጓሮ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነው። ጓደኛዋ ፊቢ ሩዝ በሳህን ይዛላት መጥታለች። ጎረቤቶቹ ደግሞ በረንዳ ላይ ተደርድረው ያሟታል። ቡና ላይ ለተቀመጠ ሰው ይሄ ትርጉም አያስፈልገውም። ሴቶች የሚበዙበት ማኅበር ካላችሁ፣ ምግብ እየሠሩ የሚሰሙ ከሆነ፣ ሌላ አታማርጡ።

«ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» (ጆን ስታይንቤክ፣ 1939) ረጅም ነው። 30 ምዕራፍ፣ ከ450 ገጽ በላይ። የእኔዋ የአውቶቡስ ሴት በአንድ ወር አትጨርሰውም። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ምዕራፎቹን ተከፋፍላችሁ እየተራረካችሁ ብትሄዱ ይቻላል። ጆድ የሚባሉት ቤተሰብ ከኦክላሆማ ተፈናቅለው በአሮጌ መኪና ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄዱት «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አይተው ነው። መንገድ ላይ አንድ ልብሱ የተቀዳደደ ሰው ሒሳቡን ያስረዳቸዋል። ባለ እርሻው 800 ሰው ይፈልጋል፣ 5,000 ወረቀት ያሳትማል፣ 20,000 ሰው ያየዋል። የተራበ ሲበዛ ደመወዙ ይወርዳል። በደላላ ቤሩት ወይም ሪያድ ሄዳ የተመለሰች ሴት ይህን ገጽ ማንም ሳያስረዳት ይገባታል። ታሪኩ ከሚያልፍባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው የከርን አውራጃ መጽሐፉን በወጣበት ዓመት ከቤተ መጻሕፍቱ አስወጥቶት ነበር፤ እገዳው እስከ 1941 ቆየ። ወጣቶች ካሉበት የመጨረሻውን ትዕይንት አስቀድማችሁ አንብቡት። ከባድ ነው፣ ሳይዘጋጁ የሚገቡበት አይደለም።

ስሙ ሲነሳ ሰው «እሱ ደግሞ ማነው?» የሚለኝ «ማይ አንቶኒያ» ነው። ዊላ ካተር በ1918 አሳተመችው። የቅጂ መብቱ ካበቃ ቆይቷል፣ በነጻ ይወርዳል፣ ቋንቋው ንጹህና ቀላል ነው። ከቦሄሚያ ወደ ነብራስካ የመጣ ቤተሰብ ነው። እንግሊዝኛ አያውቁም፣ የመጀመሪያውን ክረምት መሬት ውስጥ በተቆፈረ ቤት ያሳልፋሉ። አባትየው በሁለት ቋንቋ ፊደል የተጻፈበት መጽሐፍ ለጎረቤቷ አያት ይሰጥና ልጄን አስተምሩልኝ ብሎ ይለምናል። እናትየው ደግሞ ለእነዚሁ ጎረቤቶች ከአገር ቤት ያመጣችውን የደረቀ ነገር በከረጢት ትሰጣለች። ስጦታዋ ውድ ነው፣ እየሳሳች ነው የሰጠችው። አያት ምንነቱን ስላላወቁት ምድጃ ውስጥ ይጥሉታል። የልጅ ልጃቸው ጂም ግን ጫፉን ቀምሶታል። የደረቀ እንጉዳይ እንደነበር የሚያውቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ጠቅጥቃ የመጣች፣ ኤርፖርት ላይ ያስፈተሿት እናት ያለችው ሁሉ ይህን ገጽ ሲያነብ ዝም ይላል። ድክመቱ ዝግታው ነው። ተከታታይ ድራማ የለመደ ሰው «ምንም አይፈጠርም» ብሎ ያማርራል። በከፊል እውነቱን ነው።

ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ ሰባተኛ መጽሐፍ አለ። «ነገም ሌላ ቀን ነውን ለምን አትመርጡም?» ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው፣ ቅዳጁ ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ የወጣው የማርጋሬት ሚቼል ልቦለድ። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ማኅበረሰብ ማለት እንደዚያ ነው፣ ምንም አልከራከርም። ለአሜሪካ ከተማ ግን አላቀርበውም። ከ1,000 ገጽ በላይ ነው፣ ባርነትንም የሚያሳየው በባለቤቶቹ ዓይን ነው። ያቺ ስለ ቶም ሚስት የጠየቁት እናት ፊት ይዤው አልቆምም። ለአበሻ ክበብ ብቻ ከሆነ፣ በአማርኛው፣ ያውም ስለ ትርጉሙ ታሪክ ለመጫወት፣ ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ ኮሚቴያችን በ4 ለ3 «ፋረንሃይት»ን መርጧል። እኔ ከአራቱ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ክበባችን ግን «አንቶኒያ»ን ይዘናል፣ አስራ ስድስት ነን። ከተማችሁ የተደበላለቀ ከሆነ የመጀመሪያውን ውሰዱ፣ ስደተኛ የሚበዛበት ትንሽ ክበብ ከሆነ ሁለተኛውን። «ሞኪንግበርድ»ን የምትመርጡት ወላጅና ልጅ አብረው እንዲያነቡ ከፈለጋችሁና ውይይቱን የሚመራ ጠንካራ ሰው ካላችሁ ብቻ ይሁን።

ውይይቱን ቅዳሜ ከሰዓት አታድርጉት። ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ለቅሶ ይበላዋል። የእኛ ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ነው። ማስታወቂያው ላይ «በአበሻ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከጎኑም በፈረንጅ 7 ብላችሁ ጨምሩ። ባለፈው ሳንጽፍ ቀርተን አንዲት እናት ከቀኑ 7 ሰዓት መጥተው፣ በሩ ላይ መጽሐፋቸውን ይዘው አንድ ሰዓት ቆመዋል።